ዘንዶው ይቆየኝ

ዓለም ሊጠፋ ነው ቢባል ሰው ምን ያደርጋል? ጸሎት የለመደ ይጸልያል። ልጆች ያሉት ልጆቹን ይሰበስባል። ብድር ያለበት፣ አፉን አውጥቶ አይናገረው እንጂ፣ በሆዱ እፎይ ይላል። እኔ ጎመን እለቅም ነበር። ጥቅል ጎመን፣ ከማላውቀው ሰው ማሳ፣ በላዬ ላይ ዘንዶ እያገሳ።

ማሳው የሚገኘው ዋይትረን ከምትባል ከተማ ቅጥር ውጭ ነው። ዋይትረን ስካይሪም ውስጥ ናት፤ ስካይሪም ደግሞ የቪዲዮ ጌም ነው። ደግነቱ እዚያ አገር የሰው ጎመን መልቀም ወንጀል አይደለም። እንዲያውም የገዛ ጎመኑን ለገበሬው ይዘህለት ብትሄድ ወርቅ ቆጥሮ ይገዛሃል። ያንኑ ጎመን ከቤቱ ጠረጴዛ ላይ ብታነሳበት ግን ሌባ ነህ፤ ዘብ ይጠራብሃል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ምን እንዳሰቡ አይገባኝም፤ ተመችቶኛል ግን።

ለማያውቁት ባጭሩ ልንገር። ስካይሪም ኤልደር ስክሮልስ የሚባለው የጌም ተከታታይ አምስተኛው ነው። ቤተስዳ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በቶድ ሃዋርድ መሪነት ሠርቶት በፈረንጅ አቆጣጠር 11/11/11 ገበያ ላይ አወጣው። ለቁጥሩ ማማር ሲሉ ቀኑን እንደመረጡት ያስታውቃል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ኅዳር 1 ቀን 2004 ሆኖ ማማሩ ቀረ። ጨዋታው ሲጀምር እጅህ ታስሮ፣ በጋሪ ተጭነህ፣ አንገትህ ሊቀላ ትወሰዳለህ። አንገትህ ግንዱ ላይ እንደተጋደመ አልዱዊን የሚባል ጥቁር ዘንዶ ከሰማይ ወርዶ ከተማዋን ያነዳታል፤ በግርግሩ ታመልጣለህ። ብዙም ሳትቆይ የዘንዶ ነፍስ ይዘህ የተወለድክ፣ በጩኸትህ ብቻ ሰው የምትጥል የትንቢት ልጅ ሆነህ ትገኛለህ። አልዱዊን ዓለምን ሊውጣት ነው፤ የምታድናት አንተ ነህ። ያገኘህ ሁሉ "ፍጠን!" ይልሃል።

ይላል እንጂ ማንም አያጣድፍህም። ጌሙን የወደድኩት እዚህ ላይ ነው። አልዱዊን አንተ ካልሄድክበት አይመጣም። የዚያ አገር ጨረቃዎች (ሁለት ናቸው) ይወጣሉ፣ ይጠልቃሉ፤ ወሩ ያልቃል፣ ዓመቱ ይዞራል፤ ዓለምን የሚውጠው አውሬ አንተ ሾርባህን እስክትጨርስ በትህትና ይጠብቃል። እኔ የማውቀው ሌላው ነገር ሁሉ አይጠብቅም። ታክሲ አይጠብቅም፣ የቤት ኪራይ አይጠብቅም፣ ምድጃ ላይ የተጣደ ወተትማ ፊትህን እስክታዞር ነው የሚጠብቀው። በዚህ ዓለም ሁልጊዜ ቆሞ የሚጠብቅህ ወረፋ ብቻ ነው።

ሾርባ ስል ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ጎመን፣ ድንች፣ ቲማቲምና ባሮ ሽንኩርት ይዘህ ድስት የተሰቀለበት እሳት ጋ ከቀረብክ የአትክልት ሾርባ ይወጣልሃል። እሱን የጠጣ ሰው ለ12 ደቂቃ ጉልበቱ በየሰከንዱ ጥቂት ጥቂት ስለሚመለስለት ከባድ መጥረቢያ ያለማቋረጥ ያወርዳል። ሌላው ተጫዋች አስማት ሲማር፣ ሰይፍ ሲስል፣ እኔ በጾም ምግብ ዘንዶ የምጥል ሰው ሆንኩ። እማዬ አንድ ማታ በሩን ገፋ አድርጋ፣

"አሁንም እየተዋጋህ ነው?" አለችኝ።

"አይ፣ እያበሰልኩ ነው።"

"እዚያ ውስጥ?"

"አዎ።"

"ምን?"

"የጎመን ሾርባ።"

ስክሪኑን አየችው፤ እኔን አየችኝ። "እዚህኛው ወጥ ቤት ሽንኩርት የሚልጥ ሰው ጠፍቷል" ብላ በሩን ሳትዘጋው ሄደች። በሩን ሳይዘጉ መሄድ በኛ ቤት ትእዛዝ ነው።

የኔ ስካይሪም ከሌላው ሰው ስካይሪም ትለያለች፤ ሣር የላትም። ጌሙን ያገኘሁት ፊልምና ጌም ሃርድ ዲስክ ላይ ከሚገለብጥ የሰፈር ሱቅ ነው። 6 ጊጋባይት የሚሆነውን ነገር ባለሱቁ ሲገለብጥልኝ "ይሄ ረጅም ነው፣ ኳስ ይሻልሃል" ብሎ መክሮኝ ነበር። ኮምፒውተሬ ደብዳቤ ለመጻፍ የተገዛ ስለሆነ እንዲከፍትልኝ ሁሉንም ነገር መጨረሻ ዝቅ ማድረግ ነበረብኝ። ተራራ አለ፣ በረዶ አለ፣ ድንጋይ በያይነቱ አለ፤ ሣር ግን ማሽኑ አይችልም። ጥላም አይችልም። ከዓመታት በኋላ አንድ ጓደኛዬ ቤት ደህና ኮምፒውተር ላይ ሳየው የዋይትረን ሜዳ ቢጫ ሣር ለብሶ ነፋሱ ሲመጣ ተኝቶ ይነሳል። ቆንጆ ነው። እኔ ግን መንገዱ ጠፋኝ። አበባውንም፣ እንጉዳዩንም፣ የሞተ ሽፍታ የጣለውን ቀስትም ሣሩ ይሸፍነዋል። "እንዴት ነው በዚህ ሁሉ አረም ውስጥ የምትጫወተው?" ብዬ ቅር አስኘሁት።

ከዘንዶው ይልቅ የምፈራው መብራትን ነበር። ዘንዶ ሲመጣ ሙዚቃው ይቀየራል፣ ክንፉ ያስተጋባል፣ ሽሽ ብሎ ያስጠነቅቅሃል። መብራት ሲሄድ አያስጠነቅቅም። ስካይሪም በር አልፈህ በገባህና በወጣህ ቁጥር በራሱ ሴቭ ስለሚያደርግ፣ መብራት የሚሄድበት ሰፈር ያደገ ተጫዋች በር ይወዳል። እኔ ከትልቅ ውጊያ በፊት በቅርብ ያለ ቤት ፈልጌ እገባለሁ፤ ባለቤቶቹ እራት ላይ ናቸው፤ እንደምን አመሻችሁ ሳልል ዞሬ እወጣለሁ። ቤተሰቡ ምን ይለኝ እንደነበር እንጃ። ኤፍ 5 የምትባለዋ ቁልፍ፣ ባለህበት ሴቭ የምታደርገዋ፣ ከመጫን ብዛት ጽሑፏ ጠፍቶ ራሰ በራ ሆናለች። ያም ሆኖ ሁልጊዜ አይሳካም። ዘንዶው ሜዳ ላይ ወድቆ፣ ክንፉ ተቀዶ፣ አንድ ቀስት ሲቀረው ጭልም! ሰፈሩ በአንድ አፍ "ውይ" ይላል። ጎረቤቶቼ የተቋረጠባቸው ተከታታይ ድራማ ነው፤ እኔ የተቋረጠብኝ ትንቢት ነው። ቆይቶ ልጆች በየበሩ "መጣ! መጣ!" ሲሉ እመለሳለሁ፤ ዘንዶው ድኖ፣ ክንፉን ዘርግቶ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰማይ ላይ ይዞራል።

ስለ ሸክም ካላወራሁ ስካይሪምን አወራሁ አልልም። መጀመሪያ ላይ መሸከም የምትችለው 300 ነው። 300 ምን እንደሆነ፣ ኪሎ ይሁን ሌላ፣ አይነግሩህም። ብቻ 301 ስትሆን ጀግናው መሮጥ ያቆምና እግሩን እየጎተተ ይሄዳል። ያኔ አስተዋይ ሰው ጥቂት ዕቃ ይጥላል። እኔ ባዶ ጠርሙስ፣ የብረት ሳህን፣ የሰው ጥርስ የማይደፍረው አሮጌ ዳቦ፣ ሁሉንም "ይጠቅም ይሆናል" ብዬ የያዝኩ ሰው ነኝ፤ የቡና ጣሳና የዘይት ጀሪካን በማይጣልበት ቤት ነው ያደግሁት። የመጀመሪያውን ዘንዶ ስትገድል የዋይትረኑ ገዢ ባልግሩፍ ሹመት ይሰጥሃል፤ ከሹመቱ ጋር ሊድያ የምትባል ጋሻ ጃግሬ። ሊድያ ሕይወቷን ልትሰጥህ ምላለች። እኔ የሰጠኋት ሳህን ነው። ዕቃ ስትጭንባት ሸክምህን ልሸከም ቃል አለብኝ የሚል ነገር ትላለች፤ ቃሉ የታማኝ ነው፣ ድምፁ ግን ሁለተኛ እንዳትለምነኝ የሚል ድምፅ ነው። አንድ ክፉ አመል ብቻ አላት፤ ጠባብ በር ካየች መሃሉ ላይ ትቆማለች። ዋሻው ውስጥ ሬሳው ከመቃብሩ ተነስቶ እያሳደደኝ፣ እሷ በር ላይ ቆማ አሻግራ ታያለች።

መሞት ራሱ እዚያ አገር ትዕግሥተኛ ነው። ጠላት ሰይፉን አንገትህ ላይ ሲያወርድ ዕቃህን የምታይበትን ሰሌዳ ብትከፍት ጊዜ ይቆማል። ተረጋግተህ ሙልሙል ዳቦ፣ ሙሉ ክብ አይብ፣ የተጠበሰ የፍየል እግር፣ ያለህን ሁሉ ትበላለህ። ሰሌዳውን ስትዘጋ ሰይፉ ጉዞውን ይቀጥላል፤ አንተ ግን በልተሃል። ሰው ሳይታይም መስረቅ ይቻላል፤ ባለሱቁ ራስ ላይ ባልዲ ከደፋህበት አያይም። ባልዲውን ለምን ደፋህብኝ አይልህም፤ ሥራውን ይቀጥላል። እንዲህ የዋህ የሆነው ሕዝብ ሪቨርዉድ መንደር ውስጥ አንዲት ዶሮ ብትገድል ግን ቀጥቃጩም፣ እንጨት ፈላጩም፣ መንደሩ በሙሉ መሣሪያ ይዞ ይወጣብሃል። ይህን እንግዳ የሚሉ ፈረንጆች አሉ። ዶሮ ስንት እንደገባ ስለማያውቁ ነው።

ከሁሉ ግን አንዲት ሌሊት አለች። አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ጥቁር ካባ የለበሰ፣ ሳም የሚሉት ሰው ይጠጋህና እስቲ እንጠጣ፣ ካሸነፍከኝ ምትሃተኛ ዘንግ እሰጥሃለሁ ይልሃል። ሁለት ብርጭቆ ትጠጣለህ፤ ሦስተኛው ላይ ስክሪኑ ይጠቁራል። ስትነቃ ማርካርት ነህ፤ የአገሪቱ ሌላ ዳር! የተኛኸው የዲቤላ ቤተ መቅደስ ወለል ላይ ነው፤ ዕቃው ተበታትኗል፣ ጠርሙስ ተንከባሏል፣ ካህኗ ከላይህ ቆማለች። ሳም የለም። የሠራኸውን የምታውቀው እየዞርክ፣ በየሄድክበት እየተሰደብክ ነው። ካህኗ አጽዳ ትልሃለች፤ ሮሪክስቴድ ስለሚባል መንደር ስትቀባጥር እንደነበርም ትነግርሃለች። ሮሪክስቴድ ስትደርስ አንድ ገበሬ ገና ሲያይህ ይጮሃል፦ ፍየሉን ሰርቀህ ለግዙፉ ሰው ሸጠህበታል። ፍየሏ ስም አላት፤ ግሌዳ። ግዙፉ ሰው የቤት ቁመት ያለው፣ ዱላው ግንድ የሚያህል ፍጡር ነው፤ ስለዚህ ሽያጩ ፈረሰ ብሎ መደራደር አይታሰብም። ከእሱ ሾልከህ ፍየሏን ከመለስክ በኋላ ዋይትረን ኢሶልዳ የምትባል ነጋዴ ትጠብቅሃለች፦ የወሰድከው የቃል ኪዳን ቀለበት በዱቤ ነው፣ ክፈል። ለማን ነው የወሰድኩት? ለእጮኛህ። እጮኛ አለኝ እንዴ? አለችህ። ጫካ ውስጥ ያለችበት ቦታ ስትሄድ ግማሽ አሮጊት ግማሽ አሞራ የሆነች ጠንቋይ ጥፍሯን ዘርግታ ትቀበልሃለች።

ይህን ክፍል የጻፈው ሰው መጠጥን ከመጽሐፍ አላወቀውም። በማግስቱ ማለዳ የሚያሰቃየው ራስ ምታቱ አይደለም፤ ሰው ሁሉ ስላንተ ከአንተ የበለጠ ማወቁ ነው። በመጨረሻ ሳም ሳንጊን የሚባል የፈንጠዝያ ጌታ፣ አጋንንት ቢጤ ሆኖ ይገኛል፤ ዘንጉንም ይሰጥሃል። እኔ ከዘንጉ ይልቅ ያሰብኩት ኢሶልዳን ነበር። ለአሞራ ሙሽራ ብዬ ስቀባጥር እየሰማች በዱቤ ቀለበት የሰጠች ሴት፣ ትዳር ብትሆን ምን ትሆን?

ጠየቅኋት። የስካይሪም ጋብቻ ሽማግሌ መላክ የለበትም። ሪፍተን ከሚገኘው የማራ ቤተ መቅደስ ካህን በ200 ወርቅ የአንገት ጌጥ ገዝተህ ታጠልቃለህ፤ ያጠለቅህ ዕለት ያላገባህ መሆንህን ሁሉም ያውቃል። የኢሶልዳ ልብ እንዲከፈት ግን ጥሎሽ አለ፦ የማሞዝ ጥርስ። ማሞዝ የሚጠብቀው ማን ነው? ግዙፉ ሰው። በዱላው አንዴ ሲመታህ መሬት ላይ አትወድቅም፤ ወደ ሰማይ ትሄዳለህ። ዋይትረንን ከላይ አየኋት፣ ወንዙን፣ ተራራውን፣ ከታች ደግሞ ሳህኖቼን ይዛ ቀና ብላ የምታየኝን ሊድያን። ሴቭ ያደረግሁበት በር ቅርብ ነበር። ከብዙ በረራ በኋላ ጥርሱን አመጣሁ፣ ተጋባን። ከዚያ በኋላ ኢሶልዳ ሱቅ ከፍታ በየቀኑ 100 ወርቅ ታካፍለኝ፣ በቀን አንድ ጊዜ ትኩስ ምግብ ትሰጠኝ ጀመር። ለእማዬ ስነግራት "የት ነው ያለችው?" አለችኝ።

ዓለምን የማዳን ጉዳይ እስከዚህ ድረስ እንዳለ ነው። ሄጄ አላውቅም ማለቴ ግን አይደለም። ሽበታሞቹ የሚባሉት ባሕታውያን ወዳሉበት ተራራ ወጥቻለሁ። ደረጃው 7,000 ነው ይባላል፤ የቆጠሩት ተጫዋቾች አንድ ሺህም አይሞላም ይላሉ፤ ለተሳላሚ ቁጥር ማብዛት ያለ ነው። ከተራራው ግርጌ ኢቫርስቴድ መንደር ክሊሜክ የሚባል ሰው ታገኛለህ፤ ለባሕታውያኑ ደረቅ ዓሣና ጨው የተነሰነሰበት ሥጋ የሚያደርሰው እሱ ነው። ጉልበቱ እየደከመ ስለሆነ ስንቁን አንተ አድርስልኝ፣ ሳጥኑ ውስጥ ብቻ አስቀምጥ ይልሃል። ከጨዋታው ሁሉ ሳላመነታ፣ ጎመን ሳልለቅም፣ በቀጥታ ያደረስኩት ሚሽን እሱ ነው። ባሕታውያኑ ሲናገሩ መሬት ስለሚንቀጠቀጥ ዝም ይላሉ፤ የሚያናግርህ አርንጌር የሚባለው ብቻ ነው፤ ድምፁ የተዋናዩ የክሪስቶፈር ፕለመር ነው። እዚያው ገዳማቸው ውስጥ ቆይቶ አንድ የሰላም ጉባኤ ይደረጋል፤ አገሪቱ ውስጥ እርስ በርስ የሚዋጉ ሁለት ወገኖች ዘንዶው እስኪሞት ተኩስ እንዲያቆሙ። አልዱዊን ሙታን ዘንዶዎችን እያስነሳ ነው፤ እነሱ መጀመሪያ የሚጨቃጨቁት ስብሰባው ላይ ማን መቀመጥ አለበት በሚለው ነው። ከዚያ ከተማ ይለዋወጣሉ። አንዱ ሽማግሌ ብድግ ብሎ እስኪቆጣቸው ድረስ የዓለም መጥፋት አጀንዳ አልነበረም። ስብሰባውን ስከታተል ጎመን መልቀሜ ይበልጥ ትክክል መሰለኝ።

የሠሩትም ሰዎች ቢሆኑ በቀጥታ መንገድ አልሄዱም። ያ መጀመሪያ ላይ ወደ መሰየፊያው የሚወስድህ ጋሪ ሲሠራ ድንገት ከመንገዱ እየተፈናጠረ ሰማይ ይወጣ ነበር አሉ። ከሠሪዎቹ አንዱ በኋላ እንዳወራው ጥፋተኛዋ ንብ ናት፤ ተጫዋች እንዲይዛት ሲያስተካክሏት በምንም የማትገፋ ሆና፣ ጋሪው ሲነካት እሱ ተፈነጠረ። ቀበሮዎችም አሉ። ቀበሮ የተከተለ ሀብት ያገኛል የሚል ወሬ በተጫዋቾች ዘንድ ነበር፤ ማንም እንዲህ ብሎ አልሠራቸውም። ቀበሮው ከአንተ ሲሸሽ የሚሄደው መሬቱ ለእግር በዝርዝር ወደተከፋፈለበት አቅጣጫ ነው፤ በዝርዝር የሚከፋፈለው ደግሞ ፍርስራሽና ሰፈር ያለበት ቦታ ስለሆነ ሳያስበው ያደርስሃል። እኔ ይህን ከማንበቤ በፊት ቀበሮ ተከትዬ ዋሻ አግኝቻለሁ፤ ጎመን አልነበረውም።

ሰው እንዲህ ሲንጎራደድበት ጌሙም ማርጀት እምቢ አለ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2016 ተሻሽሎ ወጣ፣ በ2017 ሌላ መሣሪያ ላይ ወጣ፣ በ2021 ለአሥረኛ ዓመቱ ደግሞ ወጣ። ኩባንያው ራሱ በ2018 በፍሪጅ የሚጫወቱት ስካይሪም እያለ በራሱ ላይ ቀለደ። በ1936 የተወለዱት አሜሪካዊቷ ሸርሊ ከሪ ስካይሪም ሲጫወቱ ራሳቸውን ቀርጸው ዩቲዩብ ላይ እየለቀቁ፣ ተመልካቹን የልጅ ልጆቼ እያሉ፣ የስካይሪም አያት ለመባል በቁ። ቶድ ሃዋርድ በ2023 ከ60 ሚሊዮን በላይ ቅጂ መሸጡን ተናግሯል። የኛ ሰፈር ቅጂዎች ከቁጥሩ ውስጥ የሉም።

በቅርቡ የእህቴ ልጅ እሱም ጀመረው። የሱ ማሽን ሣር ይችላል። ገና ሳምንት ሳይሞላው መጥቶ "ጋሼ፣ ጨረስኩት፣ አልዱዊንን ገደልኩት" አለኝ። አልዱዊን ሞቷል ሲባል ደነገጥኩ፤ ምን አደረጋችሁ የሚባል ዘንዶ አልነበረም።

"ኢሶልዳስ?"

"ማናት?"

"ክሊሜክስ? ስንቁን አደረስክለት?"

"እሱ የግድ አይደለም እኮ፣ ጋሼ።"

"ሊድያስ?"

ትንሽ አሰበ። "እ፣ እሷ! ድልድይ ላይ ቆማ አላሳልፍ ስትለኝ ጮኼባት ገደል ገባች።"

ለእናቱ ተናግሬበታለሁ።